ለፍጥር የሄደው ጥቁር ወይን

ጠርሙሱን ካስቀመጥኩበት አጣሁት። ከቡፌው ታችኛው ክፍል፣ ለእንግዳ ካልሆነ ከማይወጡት ሳህኖች ኋላ፣ በጋዜጣ ጠቅልዬ አጋድሜው ነበር። ሳህኖቹ አሉ፣ ጋዜጣው ተጣጥፎ ተቀምጧል፣ ጠርሙሱ የለም። ከአስር ሶላት በኋላ መስጊድ ቁርአን ስቀራ ቆይቼ ገና መመለሴ ነው። ጾሙ ጉሮሮዬን አድርቆታል፣ የከሚሴ ሙቀት ደግሞ በዚህ ሰሞን ለጾመኛ አይራራም። ቡፌው ሥር ዝርፍጥ አልኩ። እኔ ከድሮም ጭንቀታም ነኝ። ባጃጅ በራችን ላይ ጡሩምባ ካሰማ መርዶ ይመስለኛል፤ የደወልኩለት ሰው ስልክ ካላነሳ ቀብሩ ላይ እንዴት እንደምደርስ ማሰብ እጀምራለሁ። ባለቤቴ ዘሃራ «አንተ ሳትጨነቅ የዋልክ ቀን ያምሃል» ትለኛለች። የዚያን ቀኑ ጭንቀት ግን የእውነት ነበር።

«ዘሃራ! ቡፌው ውስጥ የነበረው ጠርሙስ የታለ?» አልኩ፣ ድምፄን ለማለዘብ እየሞከርኩ።

ጓዳ ሳንቡሳ እየጠበሰች ነበር። «ያ የወይን ጭማቂ? ለሸህ እንድሪስ ወሰድኩላቸው እንጂ! ዛሬ ጁምዓ አይደል? ከሾርባው ጋር በባጃጅ አድርሼ ተመለስኩ። አንተ ቆንቋና፣ ደብቀህ ለብቻህ ልትጠጣው ነበር?» አለችና ብቅ ብላ ፊቴን ስታየው ደነገጠች። «ማል ታቴ? ምን ሆንክ?»

«ምንም» አልኩና ጫማዬን መፈለግ ጀመርኩ።

ጠርሙሱ ቤቴ የገባው ረመዳን ሳይገባ ነው። አንድ ቀን፣ ወደ ደሴ የሚሄዱት ሚኒባሶች ከሚቆሙበት ፊት ለፊት ካለችው ሻይ ቤት ተቀምጬ ሳለ አንድ ሽበታም ፈረንጅ ከመኪና ወረደ። በሾፌሩ አስተርጓሚነት «ድሮ የሙሴ ሉሲየን ወጥ ቤት የነበረ ሰይድ የሚባል ሰው በሕይወት አለ?» እያለ ይጠይቃል። እኔው ነኝ። ሰውዬው ድሮ የቀጠረኝ የፈረንሳዊው ሙሴ ልጅ ኤሚል ነበር፤ ቦርከና ወንዝ ዳር ሲድህ የማውቀው ሕፃን ከእኔ እኩል ሸብቷል። አባቱ ማረፉን ነገረኝና ከቦርሳው ጥቁር ጠርሙስ አወጣ። «የመንደራችን ወይን ነው፣ ካኦር ይባላል። አባቴ ሊሞት ሲል ‹ለሰይድ አድርስልኝ› ብሎኛል» አለ። የሻይ ቤቱ ሰው ዓይኑን እኛ ላይ ስለጣለ ጠርሙሱን ቶሎ ብዬ በትከሻዬ ባለችው ፎጣ ጠቀለልኩት። እምቢ ልበል? የሟች አደራ እንዴት ይመለሳል? ልቀበል? የልጅ ልጅ ያየሁ ሙስሊም ነኝ። ቤት ወስጄ ልድፋው አልኩ፣ እጄ አልታዘዝ አለኝ። ለአንዱ ልስጠው አልኩ፣ ሐራም የሆነ ነገር ስጦታ አይሆንም። ዘሃራ የዚያን ዕለት ሰንበቴ ከተማ እህቷ ዘንድ ነበረች፤ ስትመለስ የሙሴ ልጅ መጥቶ ሄደ አልኳት፣ ስለ ጠርሙሱ ግን ምላሴ ተያዘ። ዛሬ ነገ ስል ረመዳን ገባ።

የዘሃራን ስህተት የእኛ አገር ሰው ካልሆነ ማንም አይሳሳተውም። ከሚሴ ውስጥ ጅዳ ወይም ሪያድ ዘመድ የሌለው ቤት ጥቂት ነው። የእኛም ሴት ልጅ ጅዳ ናት። ሰው ባገኘች ቁጥር ለረመዳን የምትልክልን አልኮል የሌለው የወይን ጭማቂ አለ፤ ጠርሙሱ ረጅም፣ አንገቱ ቀጭን፣ ወረቀቱ ላይ የወይን ዘለላ የተሳለበት። ላያት ሰው የፈረንጅ መጠጥ ትመስላለች፣ የምትጠጣው ግን በአዛን ሰዓት ነው። እንዲህ ያለ ጠርሙስ ከሳህን ኋላ ተደብቆ ስታገኝ ዘሃራ ምን ታስብ? ከቤት ውስጥ የተሻለውን ነገር በጁምዓ ለሸህ እንድሪስ ቤት መላክ ደግሞ የቆየ ልማዷ ነው። የሸኹ ግቢ በረመዳን የመንገደኛ ማፍጠሪያ ነው። የከባድ መኪና ሹፌሩ፣ ረዳቱ፣ ከሰንበቴ ገበያ የሚመለሰው የአፋር ነጋዴ፣ ቤተሰቡ የራቀበት የመንግሥት ሠራተኛ፣ ሁሉም እዚያ ምንጣፍ ላይ ተደርድሮ ያፈጥራል። እና ከእኔ ቤት የሄደው ወይን እነዚህ ሰዎች መሀል ነው የሚቀዳው።

ስልክ ደወልኩ፤ ኔትወርክ የለም። ባጃጅ ውስጥ ዘልዬ ገባሁ። ገበያው ጋ ስንደርስ ተምር ሻጩ፣ ሳንቡሳ ሻጩ፣ በረዶ ሻጩ፣ ለፍጥር የሚሯሯጠው ሰው መንገዱን ዘጋው። «ፍጠን እንጂ ወንድሜ!» ስለው ባለ ባጃጁ ዘወር ብሎ «አባባ፣ ሰው ላይ ልንዳ እንዴ?» አለኝ። ፀሐይዋ ወደ ማዘቅዘቂያዋ ተጠግታለች። ሰው እንዲህ ሲጨንቀው ወደፊት ያስባል ይባላል፤ የእኔ ሐሳብ ግን ወደኋላ ነው የሄደው። ባጃጁ የቆመበት ቦታ ድሮ አንድ የወንድማማቾች ሱቅ የነበረበት ጥግ ነው። ቴፕ ቀኑን ሙሉ ይጮህበት ነበር፣ ጠዋት መንዙማ፣ ከሰዓት የፍቅር ዘፈን። ለሙሴ ስኳርና ክብሪት ልገዛ መጥቼ የዘፈኑ ካሴት እስኪገለበጥ ቆሜ እቀራለሁ። ሻይ በአሥር ሳንቲም ነበር፤ ላቱ መሬት የሚጠርግ ሙክት ከሰንበቴ በሃያ ምናምን ብር ነድቼ እመጣለሁ። እኔም የዋዛ አልነበርኩም፤ ከታች ሰፊ የሆነ ቤልቦተም ሱሪ፣ አንገትጌው የሰፋ ተትረን ሸሚዝ፣ ጎፈሬዬ ላይ አልቀመጥ የምትል ኩፍያ። አሁን በዚያው ጥግ የሞባይል መጠገኛ ነው ያለው።

ሙሴ ሉሲየን የቦርከናን ውሃ ሊለካ የመጣ ፈረንሳዊ ነበር። ዓመቱን ልጥራ ብል እሳሳታለሁ፤ መንግሥት መጣ መንግሥት ሄደ በሚባልበት ዘመን መሀል ነው። ከጨፋ ሜዳ አፋፍ ላይ የቆርቆሮ ቤት ተከራይቶ ከማዳምና ከሕፃኑ ጋር ተቀመጠ፤ ደሴ ሆቴል ቤት ሥራ የለመድኩ ስለነበርኩ እኔን ወጥ ቤት አድርጎ ቀጠረኝ። ማታ ማታ በረንዳው ላይ ሆኖ ማሽላው መሀል የሚጥመለመለውን ወንዝ ያይና «የእኛም ወንዝ እንዲሁ ነው፣ ወይናችን የሚበቅለው መታጠፊያው ላይ ነው» ይለኛል። ወይኑ በጅቡቲ በኩል በሳጥን ይመጣለታል። ቀይ ወይን ስለው ይቆጣል፤ «ጥቁር ነው ሰይድ፣ የካኦር ወይን ጥቁር ነው!» እውነትም ብርጭቆ ውስጥ ሲቀዳ ብርሃን አያሳልፍም፣ ዳርዳሩ ላይ ብቻ ሐምራዊ ይላል። ምን ምን እንደሚል ሊያስረዳኝ የአገሩን ፍሬዎች ስም ሲጠራ ግራ ገባኝና አንድ ቀን ከጨፋ ዳር የበሰለ አጋምና ዶቅማ ለቅሜ አመጣሁለት። አጋሙን ቀምሶ ራሱን ነቀነቀ። ዶቅማውን ሲነክስ፣ ያ አፍ የሚያስረው ነገር ምላሱን ጭምድድ ሲያደርገው፣ ከወንበሩ ብድግ አለና «ማዳም! ማዳም! ነይ ቅመሺ፣ ይሄው ነው!» እያለ ጮኸ። ከዚያ በኋላ በእኔ ቋንቋ ነበር የምናወራው። መጀመሪያ አጋም፣ ቀጥሎ ዶቅማ፣ ቆይቶ የደረቀ የትምባሆ ቅጠል፣ መጨረሻ ላይ የመጀመሪያው ዝናብ የነካው የጨፋ አፈር። እኔ ይህን ሁሉ የማውቀው በአፍንጫዬ ብቻ ነው።

ስለ ምግቡ ደግሞ ከሙሴ ጋር ስንጨቃጨቅ ነው የኖርነው። ይህ ወይን ስብ ይወዳል፤ ስቡ ነው ያን አፍ የሚያስረውን ነገር የሚያላላው። በአገሩ ከዳክዬ ጭን ጋር ነው የሚጠጣው፣ ዳክዬው በገዛ ስቡ ተቀቅሎ። ዳክዬ ከየት ላምጣ? የሰንበቴን ሙክት ጎድን በነጭ ሽንኩርትና በጥብስ ቅጠል ጠብሼ አቀረብኩለትና ዳክዬውን ረሳው። ቦሎቄ ከሥጋ ጋር ቀኑን ሙሉ በዝግታ ሲበስል ሌላው ወዳጁ ነው። ሰማያዊ ሻጋታ የያዘ አይብ ከአገሩ ሲመጣለት እኔ አፍንጫዬን ይዤ ነው የማቀርበው፣ እሱ ግን ከወይኑ ጋር ዓይኑን ጨፍኖ ይበላዋል። ከዓሣ ጋር አይሆንም፣ አፍ ውስጥ ብረት ብረት ይላል። በርበሬ ደግሞ ጠላቱ ነው፤ ቀይ ወጥ የሠራሁ ቀን ወይኑ ይመርረዋል፣ ያቃጥለዋል፣ ሙሴም ጠርሙሱን ከድኖ ውሃ ይጠጣል። የበሬ ሥጋ በወይን ቀቅልልኝ ቢለኝ ግን በጄ አላልኩም። ከአፋር ነጋዴዎች ሁመር የሚባለውን የዛፍ ፍሬ ገዝቼ ዘፍዝፌ በዚያ ጎምዛዛ ውሃ ቀቀልኩለት። ማዳም በሳቅ ሞተች፤ ሙሴ ግን ድስቱን ጠረገው።

ወይኑ ከምግቡ ቀድሞ ተከፍቶ መተንፈስ ነበረበት። ሙሴ ሰዓት የሚያውቀው በእኛ አዛን ነው። «ሰይድ፣ በአስር ክፈተው» ይለኛል። ቡሹን ነቅዬ አሸታለሁ፤ እርጥብ ጆንያ የሚሸት ከሆነ ተበላሽቷል፣ ደህና ከሆነ ሆዱ ሰፊ ወደሆነ የብርጭቆ ዕቃ እገለብጠዋለሁ። ሲገለበጥ ይረጫል። ከዚያ እጄን በሎሚ አሽቼ፣ ሸሚዜን ቀይሬ፣ ለመግሪብ ወደ መስጊድ እሮጣለሁ። በየመንገዱ ክንዴን እያነሳሁ አሸታለሁ። እንጀራዬ ነበር፣ ሌላ ሥራ አልነበረኝም፤ ግን አንድም ቀን ልቤ ረግቶ አያውቅም።

ከተማ ደግሞ አፍ አለው። ሰይድ ከፈረንጁ ጋር ይጠጣል ተባለ። እኔ በዚያን ጊዜ ዘሃራን ካላገባሁ እሞታለሁ የምልበት ሰሞን ነው። አባቷ ሐጂ የሱፍ «ልጄን ለፈረንጅ መጠጥ ቀጂ አልሰጥም» ብለው ሽማግሌ መለሱ። ደግሜ ላክሁ፣ ወይ ፍንክች። እንድሪስ ያኔ ሸህ አልሆነም፣ ገና ቁርአን የሚማር ቀጭን ደረሳ ነበር፤ ሶላት ላይ ሁልጊዜ ከጎኔ ነው የሚሰለፈው። በመጨረሻው ቀን ከሽማግሌዎቹ ጋር ሄደ። ሐጂ የሱፍ «እሺ፣ አልቀመሰም ብሎ ማን ይመሰክርለታል?» ሲሉ ሁሉም አቀረቀረ። ያን ጊዜ እንድሪስ ከበሩ አጠገብ ተነስቶ «ወላሂ፣ ሰይድ ከዚያ ነገር አንድ ጠብታ አልቀመሰም። ሐሰት ከሆነ አላህ እኔን ይጠይቀኝ» አለ። ደረሳ በአላህ ስም ከማለ በኋላ ማን ምን ይላል? ፋቲሐ ተቀራ፣ ኒካሑ ታሰረ። ትዳሬ፣ ልጆቼ፣ መስጊድ ውስጥ ያለችኝ ቦታ፣ ሁሉም በዚያ መሐላ ላይ ነው የቆመው። አሁን ያው ሰው ጾመኛ ሰብስቦ በተቀመጠበት ማዕድ ላይ፣ ያው ወይን ከሰይድ ቤት መጣ ተብሎ ሊቀዳ ነው። ሰው ምን ይላል? ለካ ያኔም በሐሰት ነው የማለው ይላል። ከእኔ ይልቅ እሳቸው ናቸው የሚዋረዱት።

ባጃጁ ግቢው በር ላይ ሲያደርሰኝ ፀሐይዋ ተራራው ጫፍ ላይ ነበረች። እንግዶቹ በምንጣፉ ላይ ተደርድረዋል፤ ፊት ለፊታቸው ተምር፣ ውሃ፣ ሾርባ። ዓይኔ ብርጭቆ ብርጭቆውን ፈተሸ። ቀይ ነገር የለም። የሸኹ ምራት ሙና ሳህን እንደያዘች አየችኝ።

«አባባ ሰይድ! አካም ጅርታ፣ ደህና ነዎት? ይግቡ እንጂ፣ ከእኛ ጋር ያፈጥራሉ።»

«ልጄ፣ ያ... ዘሃራ ያመጣችው ጭማቂ?»

«ኧረ እሱማ አስቸገረኝ! ቡሹ አልነቀል ቢለኝ በማንኪያ እጀታ ወደ ውስጥ ገፋሁትና በጆግ በውሃና በስኳር በጠበጥኩት። አባባ ሸኹ በበሩ ሲያልፉ ጆጉን ወደ እኔ አምጪው ብለው ክፍላቸው ወሰዱት። ኮምጥጧል ነው የሚሉት። ቢገቡ እዚያው ናቸው።»

በውሃና በስኳር! በሌላ ቀን ቢሆን ሙሴ ሉሲየን መቃብሩ ውስጥ ሲገላበጥ ታይቶኝ እስቅ ነበር። ያን ጊዜ ግን ሳልስቅ ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። ሸህ እንድሪስ መጅሊሳቸው ፍራሽ ላይ ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ጆጉ ከፊታቸው ነው፣ በሳህን ተከድኗል። ክፍሉ በሙሉ ያንን ይሸታል፤ አጋሙ፣ ዶቅማው፣ ስኳር ያበላሸው ትምባሆ። ምንጣፉን መታ መታ አድርገው «ታኢ፣ ሰይድ» አሉኝ፤ ተቀመጥኩ።

«አውፍ ይበሉኝ፣ ዘሃራ ሳታውቅ ነው። ከጅዳ የመጣ መስሏት ነው። የሙሴ ልጅ መጥቶ፣ የሟች አደራ ሆኖብኝ፣ እኔ...»

«አብሽር፣ ማንም አላወቀም። ስትወጣ ከጓሮ ራስህ ትደፋዋለህ። ለሟቹ ሰውዬህ ውለታውን በሌላ አስብለት።»

እፎይ ልል አፌን ስከፍት አንድ ነገር ከነከነኝ። «እርስዎ ግን በምን አወቁት?»

«በጠረኑ።» ደካማ ዓይናቸውን ወደ እኔ አዞሩ። «ይሄን ሽታ ድሮ ነው የማውቀው። መግሪብ ላይ ከጎኔ ስትሰለፍ አንተ ላይ ነበር።»

«ሸሚዜን እቀይር ነበር እኮ!»

«ሱሪህን አትቀይርም ነበር።»

መሬት ብትሰነጠቅልኝ በገባሁ። ያን ሁሉ ዘመን ማንም አላሸተተኝም ብዬ ነው የኖርኩት። «ታዲያ... እያወቁ እንዴት ማሉልኝ?» አልኩ።

«አላወቅሁም። የከበደኝም አለማወቄ ነው» አሉ። «ከአፍህ ይሁን ከልብስህ እንዴት ልለየው? ልጅ ነበርኩ። ዘሃራን እንደምትወዳት አውቃለሁ፣ ሰው መሆንህን አውቃለሁ፣ ሌላ ምንም አላውቅም። ሐጂ የሱፍ ማን ይመሰክራል ሲሉ ምላሴ ቀደመኝ። ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ። ከዚያ ወዲህ ረመዳን በመጣ ቁጥር ‹ያ ረቢ፣ በማላውቀው ነገር ስምህን ጠራሁ› እያልኩ አለሁ። ሸህ ሲሉኝ እንኳ እፈራለሁ።»

«ለምን አልጠየቁኝም?»

«ቀምሻለሁ ብትለኝስ?»

ውጭ አዛኑ ተጀመረ። ምንጣፉ ላይ ያሉት ሰዎች ቢስሚላህ ሲሉ፣ ብርጭቆ ሲጋጭ፣ ማንኪያ ሾርባ ሲቀዳ ይሰማል። ሸህ እንድሪስ ከፊታቸው ካለው ሳህን አንድ ተምር አነሱ። ወደ አፋቸው ግን አልወሰዱትም፤ ጉልበታቸው ላይ አሳርፈው ያዙት።

«እንግዲህ ዕድሜዬም አልቋል» አሉ። «ይኼ ጠርሙስም ያለ ነገር ቤቴ አልመጣም። ንገረኝ ሰይድ። ቀምሰሃል?»

አንድ ምሽት ትዝ አለኝ። ሙሴ የመጨረሻውን ሳጥን በከፈተበት ቀን ብርጭቆውን እጄ ላይ አስቀምጦ «አንዴ ብቻ፣ ዶቅማው እውነት መሆኑን እወቅ» ብሎኝ ነበር። አፍንጫዬ ድረስ አደረስኩት። እንፋሎቱ ከንፈሬን ነካኝ። ከዚያ መልሼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩትና ሙሴ ሳቀ።

«ወላሂ እንድሪስ» አልኩ፣ ሸህነታቸውን ረስቼ፣ «አሽትቻለሁ፣ ይዣለሁ፣ ቀድቻለሁ። አንድ ጠብታ አልቀመስኩም።»

አዛኑ አልቋል። ከዚያ ደረታቸው ውስጥ የታፈነ ነገር ሲወጣ ሰማሁት፤ አልሐምዱሊላህ ያሉ መሰለኝ፣ ቃሉ ግን ጥርት ብሎ አልወጣም። ተምሩን ለሁለት ከፍለው ግማሹን ሰጡኝ፤ የራሳቸውን ግማሽ ጎረሱ፤ እንባቸው ወደ ነጭ ጺማቸው ወረደ። ከከሚሴ ሰው ሁሉ የባስኩ ጭንቀታም እኔ ነኝ ብዬ ነበር የምኖረው። ለስሜ ስጨነቅ፣ ለልብሴ ሽታ ስጨነቅ፣ ከጎኔ ተሰልፎ የሚሰግደው ሰው የእኔን ትዳር በጫንቃው ተሸክሞ ፈጣሪውን ሲፈራ ዕድሜውን ፈጀ። ተምሩን ጎረስኩ፤ ጆጉን እንደተከደነ አንስቼ ልደፋው ወደ ጓሮ ወጣሁ።